ጎማ ያወጣው ፈር

ሰኔ ላይ መናገሻ ሱባ ጫካ ውስጥ ያጠፋሁትን ጥፋት እስካሁን በደንብ ለማንም አልተናገርኩም። ዛሬ ልጻፈው። ሳይክል የምትነዱ፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ ተራራ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ረዘም ቢልም እስከ ታች አንብቡልኝ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጠዋት አባርቶ ነበር። በሰበታ በኩል ገብተን ደኑ ያረፈበትን የወጨጫን ተራራ ዳገት ተያያዝነው። ማርሹ የመጨረሻው ላይ ደርሶ እግር እምቢ ሲል ወርዶ መግፋት ነው፤ አብዛኛውን ገፋን። ስንመለስ በትልልቆቹ ጽዶች መሐል የምትወርድ ቀጭን መንገድ አገኘን። የከብትና የእግረኛ መንገድ ናት፣ ስፋቷ ከአንድ ሰው ትከሻ አይበልጥም። ኩርባው ላይ ስደርስ ደነገጥኩና የኋላውን ፍሬን ጥርቅም አድርጌ ያዝኩት። ጎማው መዞሩን አቁሞ እየተንሸራተተ መሬቱን ጫረው። ጭቃው ተፈናጠረ። ከኋላዬ ያሉት ጮኹ፣ ሳቁ፣ «ድገመው!» አሉ። ደገምኩት። ሦስተኛውንና አራተኛውን ኩርባ እነሱም እንደኔው እየጫሩ ወረዱ። ቤት ገብተን ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየነው!

ክረምቱ አለፈ። ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲጠነክር፣ ያችን መንገድ ፍለጋ ተመለስኩ። አጣኋት። ማለቴ፣ ቦታውን አገኘሁት፤ መንገዷ ግን የለችም። ጎማዬ የጫረው ፈር ቦረቦር ሆኗል። እግሬን ባስገባው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ከዳሩ የአንድ ሽማግሌ ጽድ ሥር አፈሩ ታጥቦለት ራቁቱን ወጥቷል፤ ልጡ ተልጦ ቀላ ያለው የውስጡ እንጨት ይታያል። እረኞቹ በቦረቦሩ መሄድ ስላልቻሉ ከብቶቹን በጎን እየነዱ ሌላ መንገድ አውጥተዋል፤ ያ መንገድ ደግሞ ትንንሾቹን የዝግባ ችግኞች ረግጦ ነው ያለፈው። አንድ ሳይክል፣ አንድ ጠዋት፣ አንድ ክረምት።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ያፈርኩት እዚያ ነው።

ምክንያቱም ያ ደን ዝም ብሎ የበቀለ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የተራራውን መራቆት አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። አፍሪካ ውስጥ በጥበቃ ሥር ረጅም ዘመን ከቆዩት ደኖች አንዱ እንደሆነም ይነገርለታል። ከታች ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው፣ ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ወደ ጫፉ ሲጠጉ፣ 3,385 ሜትር ላይ፣ አስታው ነው። ጠዋት በዝግታ ለሚነዳ ሰው ጉሬዛው ጥቁርና ነጭ ካባውን ለብሶ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ክንፏን ስትዘረጋ ብቻ ደም የመሰለ ቀይ የምታሳይ አረንጓዴ ወፍም አለች፤ እሷን ለማየት ቆሞ ትንፋሽን መሰብሰብ ያስፈልጋል። በፍጥነት ለሚያልፍ ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ነው። እኔ ሁለት ዓመት ስመላለስበት ኮሶን ከሌላው ዛፍ ለይቼ አላውቅም ነበር፤ ቆሜ ያየሁት በዚያን ቀን ነው። ልጡ በቀይ ቁራጭ እየተላጠ የሚንጠለጠለው እሱ ነው።

ቁጭ ባልኩበት አንድ አዛውንት የደን ጥበቃ በትራቸውን ይዘው መጡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ ነኝ ያበላሸሁት አልኳቸው። አልተቆጡኝም። በትራቸውን ቦረቦሩ ውስጥ አቁመው ጥልቀቱን ለኩና፣ «ልጄ፣ ውኃ እኮ መንገድ አይጠርግም፤ የተጠረገለትን ነው የሚሄድበት» አሉኝ። ከዚያ ዛፎቹን እየጠቆሙ በየስማቸው ጠሩልኝ፦ ጋቲራ ጽዱን፣ ኤጀርሳ ወይራውን፣ ቢርቢርሳ ዝግባውን፣ ሄቶ ኮሶውን። ስማቸውን እንዳውቀው የፈለጉ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ስለ መንገድ ማንበብ ጀመርኩ። የተራራ ሳይክል የተወለደው ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ ተራራ ላይ ነው ይባላል። እነ ጋሪ ፊሸርና ጆ ብሪዝ እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያው አካባቢ በቁልቁል መወዳደር ጀመሩ። ያረጁ ከባድ ሳይክሎች ነበሩ፤ የኋላ ፍሬናቸው ከመጋሉ የተነሳ ግራሱ እየነደደ ይጨስ ስለነበር ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ አዲስ ግራስ መሙላት ግድ ነበር። ደስ የሚል ታሪክ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ቀጥሎ የመጣው ነው፦ ሳይክል ነጂው ሲበዛ ከእግረኛውና ከፈረሰኛው ጋር ተጋጨ፣ እዚያው ተራራ ላይ ቀጫጭኖቹ መንገዶች ለሳይክል ተዘጉ። ስፖርቱ የተወለደበት ቦታ ላይ! እ.ኤ.አ. በ1988 ዓለም አቀፉ የተራራ ሳይክል ማኅበር ሲቋቋም ከመነሻዎቹ አንዱ ይኸው የመንገድ መዘጋት ነበር። ስለዚህ መንገድ እንዴት እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚነዳበት ማስተማር ጀመሩ።

ከትምህርታቸው አንዱ ከአእምሮዬ አልወጣም። መንገድ በተራራው ጎን ሲያልፍ ቁልቁለቱ ከተራራው ቁልቁለት ግማሽ መብለጥ የለበትም። ተራራው በ100 ሜትር 20 ሜትር የሚወርድ ከሆነ፣ መንገዱ በ100 ሜትር ከ10 ሜትር በላይ መውረድ የለበትም ማለት ነው። ከበለጠ ውኃው መንገዱን ተሻግሮ ወደ ቅጠሉ መፍሰሱን ትቶ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። ቀጥ ብለው የሚወርዱት የከብት መንገዶቻችን ይህን ልክ ያለፉ ናቸው፤ የያዛቸው ሣሩና ሥሩ ብቻ ነው። እኛ በጎማ ያንን ሣር ስንቀድለት ውኃው የቀረውን ይጨርሰዋል።

ፍሬን አያያዙም ሌላ ነው። የሚዞር ጎማ ከሚንሸራተት ጎማ የበለጠ መሬት ይይዛል። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ውስጥ ሳይሆን ኩርባው ላይ ከመድረስ በፊት፣ በሁለት ጣት፣ በለሆሳስ፣ የፊቱና የኋላው አንድ ላይ ነው፤ ወገብ ወደ ኋላ፣ ጉልበት ልል፣ ዓይን ወደ መውጫው። አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው ደግሞ የፈራነው የፊቱ ነው። ፍሬን ጥርቅም አድርጎ መያዝ ችሎታ ይመስለን ነበር። ያለመቻል ምልክት ነው፣ ይህን በሙሉ ልቤ ነው የምለው። ጭቃው ሲበዛ ደግሞ አለመሄድ ነው፤ አፈሩ ላይ ያሳረፋችሁት እግር ጠልቆ ውኃ ከቋጠረ፣ ሳይክሉን አዙራችሁ ተመለሱ።

እንጦጦ ለምትነዱም አንድ ነገር ልበል። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ለሳይክል የተለየ መንገድ አለ፣ ጥሩ ነው። ከዚያ ውጭ ባሉት የጫካ መንገዶች ግን የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ። እንጦጦን ከኛ በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወገባቸው ጎብጦ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው፤ ሸክሙ ወደ ፊት እየገፋቸው መቆም አይችሉም። እኛ እንችላለን። ከሳይክል ወርዶ፣ ከመንገዱ ወደ ታችኛው ጎን ወጥቶ፣ «እንደምን ዋሉ እናቴ፣ ይለፉ» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ከኋላቸው ደወል እየደወሉ የሚመጡ ልጆችን አይቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉ።

ወደ ሱባ ልመለስ። አዛውንቱን ካገኘሁ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ከነዚያው ጓደኞቼ ጋር ሄድን። ጥበቃው አባት ዶማና አካፋ አዋሱን፣ የት መቆፈር እንዳለብንም እሳቸው ናቸው ያሳዩን። ቦረቦሩን ከላይ ጀምረን በድንጋይና በወደቀ ግንድ እያገድን፣ በየአሥር እርምጃው በአግድም ማፍሰሻ ቆረጥን። የጽዱን ሥር በአፈርና በሙጃ ሸፈንለት። አራት ቅዳሜ ፈጀ፤ እጃችን ተላጠ።

ሚያዝያ ላይ በልግ ሲጥል ብቻዬን ሄጄ ጽዱ ሥር ተጠልዬ አየሁት። ውኃው ከላይ ቡናማ ሆኖ እየተጋፋ መጣ። የመጀመሪያው ማፍሰሻ ላይ ግማሹ ታጥፎ ወደ ቅጠሉ ገባ። ሁለተኛው ላይ የቀረው ተከተለ። ሦስተኛው ላይ ግንዱን ከሥሩ ፈልቅቆ ቀጥ ብሎ ወረደ። ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቅኩም፣ ዶማውን ልለምን ወደ ጥበቃው ቤት ሮጥኩ።