የአረቅጥ አረቄና የእስኮትላንድ ዊስኪ

የጉመር ወረዳ ከተማ የሆነችው አረቅጥ የጉራጌ ደጋ ናት። ከወልቂጤ ተነሥቶ ወደዚያ የሚወጣ መንገደኛ እንሰቱ ለምልሞ፥ ጀፎሮ የሚባለውም ሰፊ የሣር አደባባይ በቤቶች መካከል ተዘርግቶ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ወደ ላይ በወጣ መጠን ግን ጉሙና ብርዱ እየበረታ የገብሱም ማሳ እየበዛ ይሄዳል። እኔም ባለፈው ክረምት ለፍርድ ቤት ሥራ ሄጄ ሦስት ቀን ያረፍሁት፥ አረቄ እያወጡ ልጆቻቸውን በሚያሳድጉ በአንዲት መበለት ቤት ነበር።

አሠራሩንም በዓይኔ አየሁ። የገብስ ብቅል ከጌሾ ጋራ ተደፍድፎ እስኪቦካ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ድፍድፉ በእሳት ላይ ባለው ጋን ይደረግና አፉ ይደፈናል፤ እንፋሎቱም በመቃ አልፎ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ሲደርስ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል። በመጀመሪያ የሚወጣው ተራ አረቄ፥ ዳግመኛ በእሳት የተመለሰው ዳግም አረቄ ይባላል። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፥ ውሃው ከሞቀ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ስለዚህ ሴትዮዋ ሌሊቱን ከጋኑ አጠገብ አይለዩም።

ይህን ሳይ ስለ እስኮትላንድ ዊስኪ ያነበብሁት ትዝ አለኝ። ያም ከገብስ ብቅል ሁለት ጊዜ በእሳት ይወጣል፤ ሲወጣም እንደ አረቄ ነጭ ነው። በዚያም አገር ድሆች ቀረጥ ሰብሳቢውን እየፈሩ በየሸለቆው ተሸሽገው ያወጡ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1823 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጥቶ 10 ፓውንድ ለከፈለ ሰው ፈቃድ ቢሰጥ፥ በማግሥቱ ዓመት አሌክሳንደር ሪድ የሚባል የገብስ ገበሬና መምህር ማካላን የተባለውን ቤት አቆመ። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። እነርሱ መጠጡን፥ ሼሪ የሚባል የእስፓኝ ወይን ጠጅ በነበረበት የባሉጥ እንጨት በርሜል ያስቀምጡታል፤ ቀይ መልኩንና የዘቢብ መዓዛውን ከእንጨቱ ያገኛል። ሕጉ ከሦስት ዓመት በታች አይፈቅድም። በየዓመቱ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ተንኖ ይጠፋል፤ ይህንንም «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። (የእኛ መላእክት እንዲህ ያለ ድርሻ ሲጠይቁ አልሰማሁም።)

በ1918 ዓ.ም. የማካላን አስተዳዳሪ ሲሞት ሚስቱ ጃኔት ሃርቢንሰን ሥራውን ተረክባ እስከ 1938 ዓ.ም. መራችው። በእርስዋ ዘመን በ1926 ዓ.ም. የወጣ አንድ በርሜል 60 ዓመት ተቀምጦ በ1986 ዓ.ም. 40 ጠርሙስ ተሞላ፤ ከነዚያም አንዱ በ2023 ዓ.ም. ለንደን ላይ በሐራጅ ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ።

ይህን ለባለቤቲቱ ብነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «ጌታዬ፥ ለእርስዋ ባልዋ በርሜል ትቶላታል፤ ለእኔ የተዉልኝ ሦስት ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤት ደብተርና ልብስ ስልሳ ዓመት ይቆያልን?» አሉኝ።

«እሜቴ፥ ጥቂቱን እንኳ ለብቻ ቢያስቀምጡ?»

«አስቀምጬ ነበር። ትልቁ ልጄ አገኘው።»

ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ ልጁ ከጋኑ ሥር መቅመስ ከጀመረ ዓመት እንዳለፈው፥ እርሳቸውም ማታ ማታ ጠርሙሱን እየቈጠሩ ከአልጋቸው ሥር እንደሚሸሽጉት ነገሩኝ። እኔ በመዝገብ ላይ «በመጠጥ ምክንያት» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁ ቈጥሬ አልጨርሰውም፤ ነገር ግን ያን የሚያወጣውን እጅ እንዲህ ቀርቤ አይቼው አላውቅም ነበር። ንግዱን ይተዉ እንዳልል ታናናሾቹን የሚያበላው እርሱ ነው፤ ይቀጥሉ እንዳልል ልጁ በደጅ ቆሟል። ስለዚህ ዝም አልሁ።

በሦስተኛው ቀን ስነሣ ለብርዱ እንዲሆነኝ አንድ መለኪያ ቀዱልኝ። ዋጋውን ከፍዬ መለኪያውን ሳልነካ መለስሁላቸው፤ እርሳቸውም አንዲት ጠብታ ሳያፈስሱ ወደ ጠርሙሱ ገለበጡትና ቡሹን አጥብቀው ወደ ጓዳ ገቡ።