ሊብሬው በማን ስም ነው?

ጦር ኃይሎች፣ ከቀላል ባቡሩ ጣቢያ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ ላዳ የሚነዳ ጎረቤት አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ማታ መብራቱም ሳይሄድብን «ፕራይስ ኦፍ ላቭ»ን እኔ ቤት አብረን አየን። የፍቅር ዋጋ እንበለው። የሄርሞን ኃይላይ ፊልም ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ዋጋዱጉ ድረስ ሄዶ በፌስፓኮ ተሸልሟል።

እውነቱን ልናገርና፣ የአማርኛ ፊልም ስሸሽ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳስተምር ስለ ዴሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) ደወል እስኪደወል አወራ ነበር፤ የሮማው ሠራተኛ ብስክሌቱ ሲሰረቅ እንጀራው እንዴት አብሮ እንደተሰረቀ። ያው ታሪክ በላዳ ሆኖ በደጃፌ ሲመላለስ ግን ልብ አላልኩትም።

ቴዲ የሴተኛ አዳሪ ልጅ ነው። ከጫቱና ከመጠጡ እንዲርቅ ቄስ ደግፈውት ታክሲ ይዟል። በፍሬና በቀድሞ ወዳጇ በማርቆስ ጠብ መሃል ይገባና ታክሲው ይሰረቃል።

ቴዲን የሚጫወተው እስክንድር ታምሩ ነው። ብዙዎቹ ተዋንያኖቻችን ሲከፋቸው ይጮሃሉ፤ እሱ ሲከፋው ዝም ይላል፣ እኛም ዝምታውን እናምነዋለን። ፍሬወይኒ ገብረገርግስ ደግሞ እዘኑልኝ አትልም። ሴተኛ አዳሪ በእኛ ፊልም ወይ ቅድስት ናት ወይ መርዝ። ይቺ ግን ስትዋሽም ስትፈራም ሰው ናት፤ የቤት ኪራይ ያለባት ሰው። ማርቆስ ነው የጎረበጠኝ። ክፋቱ ገና ከበር ሲገባ ይታወቃል።

ፊልሙ የዐረብ አገሩን ጉዞም ይነካል። የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመት ቤሩት ኖራ የተመለሰች ናት። ስለዚያ ጠይቀናት አንዲት ቃል ወጥቷት አያውቅም። ያን ዕለት ቡናውን እያፈላች አብራን ታይ ነበር። ማርቆስ ሲቆጣ ቀና አለችና፣

«አጎቴ፣ እነሱ እኮ አይቆጡም» አለችኝ።

ትዝ አለኝ። የላካት ሰው በየገናው ዶሮ ይዞልን ይመጣ ነበር። እኔም «ገብተህ ቅመስ እንጂ» እለው ነበር።

ጎረቤቴ ስለ ትወናው አንድም ነገር አላለም። ታክሲው ከተሰረቀ ጊዜ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ከንክኖታል፦

«ጋሼ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው?»

ሠላሳ ዓመት ግድም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም፤ እኔም አስቤው አላውቅ። የእሱ ላዳ የሌላ ሰው ነው፤ ማታ ማታ ሒሳብ ያስገባል። ፊልሙ እስኪያልቅ ሁለት ጊዜ ወጥቶ፣ አይቷት ተመለሰ።