ከ8 ጊጋባይት ላይ ለእንግዳ ስንት ይመደባል?

ቨርቹዋል ማሽን በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የሙያው ሰዎች ውስጠኛውን "እንግዳ"፣ የተሸከመውን ደግሞ "አስተናጋጅ" ይሉታል። ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ወረታ ተቀምጬ በፍሪላንስ ስሠራ፣ ከማላውቀው ሰው የሚላክልኝን ሰነድ የምከፍተው እንግዳው ውስጥ ነው። ፋይሉ ቫይረስ ቢኖረው እንግዳውን ደምስሼ ሌላ እተካለሁ። የምንጮቼ ስምና ስልክ ግን አስተናጋጁ ላይ ስለሆነ በአብዛኛው አይነካም።

ችግሩ ራም ነው። ላፕቶፔ ያለው 8 ጊጋባይት ሲሆን ግማሽ ያህሉን ዊንዶውስና ብሮውዘሩ ይወስዱታል። ለእንግዳው 6 ቢመደብ ማሽኑ የጎደለውን ከዲስክ መበደር ይጀምራል፤ ዲስክ ደግሞ ከራም አንጻር እጅግ ዘገምተኛ ነው። ሁለቱም ይንቀራፈፋሉ። ዘጋቢ ሰዓት ሲያጥረው ትዕግሥቱ አልቆ ፋይሉን ውጭ ይከፍተዋል። ዋጋውን የሚከፍለው ምንጩ ነው። ስለዚህ ቀለል ያለ ሊኑክስ ጭኜ 2 ጊጋባይት ብቻ መደብኩለት። ሰነድ ለማንበብ ይበቃዋል።

ትልልቅ የመረጃ ማዕከላትም ከዚህ አያመልጡም። "ሁሉም ደንበኛ ድርሻውን በአንድ ጊዜ አይጠቀምም" በሚል ስሌት ካላቸው ራም በላይ የሚያድሉ አሉ። ሁሉም በአንድ ቀን የፈለገ ዕለት ግን ሊኑክስ ራሱን ለማዳን አንዱን ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ብዙ ራም የያዘውን ነው።

የፎገራ ገበሬ ይህን ለመረዳት ኮምፒውተር አያሻውም። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ፤ ሩዙም ይደርሳል። በጋ ላይ ግን ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚደረደረው ፓምፕ ሁሉ የሚስበው ከቀጠነ ወንዝ ነው። ፓምፕ መጨመር ወንዙን አያሰፋውም። ሊኑክስ ብዙ የያዘውን ይቀጣል፤ ወንዝ ግን ከታች ያለውን፣ ምናልባትም ትንሽ የጠጣውን ነው የሚቀጣው።

ገደብ ክፉ ነገር አይደለም። አስቀድሞ ከተነገረ ሰው በልኩ ይዘራል። ክፉው፣ የሌለውን አድሎ እጥረቱን ፈራጅ ማድረግ ነው። በጀትም፣ መብራትም፣ ማዳበሪያም ሲታደል መጀመሪያ የምንጠይቀው "ለማን ስንት ደረሰው?" ብለን ነው። "ካለው ስንት ላይ?" የሚለው ቢቀድም ይሻላል።