ቀዩ የት ገባ?

ፊደላችን እንደ ፈረንጆቹ ትልቅና ትንሽ የለውም። «እግዚአብሔር» ሲባልም «እንቁራሪት» ሲባልም መነሻው ያው «እ» ነው። ታዲያ የአገራችን ጸሐፊ ክቡሩን ስም ከተራው በምን ለየው ቢሉ፣ በቀይ ቀለም ነው።

ቁም ጸሐፊ ሁለት የቀለም ቀንድ መሬት ላይ ተክሎ በሁለት ብርዕ ይጽፋል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። ከእግዚአብሔር፣ ከእመቤታችን ወይም ከቅዱሳን ስም ሲደርስ ጥቁሩን አኑሮ ቀዩን ያነሣል። የምዕራፍ መነሻ በቀይ ነው፤ የአስጻፊውም ስም ብዙ ጊዜ በቀይ ነው። በአንዳንድ ብራና ላይ ደግሞ የስሙ ቦታ ባዶ እንደ ሆነ ቀርቶ ይታያል። ጸሐፊው ጥቁሩን ጨርሶ በቀዩ ሊመለስበት አስቦ ሳይመለስ ቀርቷል። ቀለሙ ሳይመጣ ቦታው ታውቆ ነበር ማለት ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልኝ።

ወግዲ ላደገ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሱት አባ ጊዮርጊስ የተጠሩባት ጋስጫ ያለችው እዚያው በቦረና በኩል ነው። በጥንታውያን መጻሕፍቷ የታወቀችው ተድባበ ማርያምም በሳይንት ናት።

ከዚያው አገር የመጡ አንድ መሪጌታ ድርሳነ ሚካኤልን በኮምፒዩተር አስጽፈው ሊያሳዩኝ ይዘውት መጡ። ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣

«ልጄ፣ ቀዩ የት ገባ?» አሉኝ።

የጻፈችው ልጅ ስሙን ሁሉ አንድ በአንድ መርጣ አቅልታው ነበር። ኋላ ግን ሌላ ሰው ጽሑፉን አንድ ወጥ አደርጋለሁ ብሎ ሁሉንም በአንዴ መርጦ አጠቆረው።

«የኔታ፣ ቀለሙ ነው የጠፋው፤ ስሙማ አለ» አልኋቸው።

«ስሙ መኖሩንማ አየሁ። የትኛው ስም እንደ ሆነ የሚያውቅ ነው የጠፋው» አሉ።

ልክ ናቸው። በኮምፒዩተር ጽሑፍን ማስዋብ ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ቃሉን መርጦ እዚያው ማቅላት፣ ማድመቅ፣ ማተለቅ ነው። ሁለተኛው «ስታይል» የሚሉት ነው፤ መጀመሪያ «ርእስ»፣ «ስመ ቅዱስ»፣ «ስመ አስጻፊ» ብለው ምድብ ያወጣሉ፣ ቃሉን በየምድቡ ያስገባሉ፣ መልኩን ኋላ ይወስናሉ። ባለ ቀለም ማተሚያ ከሌለ «ስመ ቅዱስ» የተባለውን አንድ ጊዜ «ደማቅ» ይሁን ማለት ይበቃል፤ መቶውም ስም ባንድ አፍታ ይታዘዛል። አንድ ሰው ሁሉንም ቢያጠቁረው እንኳ ቃሉ ምድቡን አይለቅም፤ ፈልጎ መመለስ ይቻላል። ምድቡን «ቀይ» ብለው የሰየሙት እንደ ሆነ ግን፣ ጥቁር ሲታተም «ቀይ የተባለ ጥቁር» ይሆንና ያስቃል። ባዶ ቦታ ትቶ ያለፈው ቁም ጸሐፊ ይህን ያውቅ ነበር፤ መጀመሪያ ምንነቱ፣ ቀጥሎ ቀለሙ።

ቀድሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላችን የራሱን ቦታ እስኪሰጠው ድረስ፣ የአማርኛ ሶፍትዌሮች በአብዛኛው ፊደሉን በላቲን ኮድ ላይ አልብሰው ነበር የሚያሳዩት። አማርኛነቱ የፎንቱ ብቻ ነበር። ፎንቱን የቀየረ ሰው «ሰላም» ብሎ የጻፈው ውጥንቅጥ የላቲን ፊደል ሆኖ ቁጭ ይልበታል። ዛሬ ፊደሉ ከልብሱ ተላቋል፤ ፎንት ቢቀየርም «ሰ» «ሰ» ነው።

ቀዩ ግን ገና ልብስ ነው። ጽሑፉ ያለ ቅርጹ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ፊደሉ ይሄዳል፣ ቀለሙ ይቀራል። ስለዚህ ከብራና ወደ ኮምፒዩተር የምታሻግሩ ሁሉ፣ ቃሉ ምን ይምሰል ከማለታችሁ በፊት ምንድን ነው በሉ፤ መልሱንም በስታይል ስም አኑሩት። ቅርጽ በማይይዝ ፋይል የምታኖሩትም በቃሉ ዙሪያ ምልክት አድርጉበት። ያለዚያ የልጅ ልጆቻችን አንድም ፊደል ያልጎደለበት፣ ግን ክቡሩ ከተራው ያልተለየበት መጽሐፍ ይረከባሉ።