የመንዝ በግ፣ እረኛ ልጆችና የአውራ ምርጫ ቀን

በሰሜን ሸዋ ደጋ የበግ መንጋ በአብዛኛው በልጅ እጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ከባሶና ወራና እስከ አንኮበር ገደል አፋፍ፣ ወደ ሰሜንም እስከ መንዝ ሜዳ ድረስ፣ ጠዋት በጎቹን አውጥቶ ማታ ጉረኖ የሚያስገባው፣ ያነከሰችውን ቀድሞ የሚያየው፣ ልጇን አላጠባም ያለችውን እናት ይዞ የሚያለማምደው ታዳጊ ነው። የትኛው ግልገል የየትኛዋ እንደሆነ፣ የትኛዋ መንታ እንደምትወልድ፣ የትኛው ጠቦት ክረምቱን ሳይከሳ እንደወጣ ሳያመነታ የሚናገረውም እሱ ነው። በብዙ ቤት ለእረኛው አንዲት ሴት ግልገል ትሰጠዋለች። ከእሷ የሚወለደው የእሱ ነው፤ ደብተሩና ልብሱም ከዚያ ይወጣል። ልጁ ስለ ርቢና ስለ ዋጋ የሚማረው በዚህች ግልገል ነው።

የአካባቢው ዝርያ የመንዝ በግ ይባላል። ቁመቱ አጭር፣ ጠጉሩ ሸካራ፣ ላቱ ወፍራም ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ ነው። ያደገች እናት በግ ብትመዝን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ትንሽነቱ ግን ደካማነት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የደብረ ብርሃን ብርድ፣ ሣር በሚጠፋበት በጋ፣ የሆድ ትላትል በሚበዛበት እርጥብ ግጦሽ ጸንቶ ይኖራል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ ሆሮ ከሚባለው ሌላ የአገር በግ ጋር ጎን ለጎን ሲጠና፣ የመንዝ ግልገሎች ከሞት በመትረፍ በልጠው ታይተዋል። ጠጉሩ ተሸልቶ በርኖስና ባና ይሠራበታል። ውርጭ ገብሱን ሲመታው ወይም በልጉ ሲቀር ቤቱን ከችግር የሚያወጣው ይኸው በግ ነው።

መንጋውን ሲጎዳው የኖረውም ይህ ደራሽነቱ ነው። ገንዘብ ሲቸግር ገበያ የሚወጣው ጥሩ ዋጋ የሚያመጣው ነው፤ ይኸውም ከእኩዮቹ ቀድሞ ያደገውና ደልደል ያለው ወጠጤ ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነጋዴ የሚመርጠውም እሱኑ ነው። ሜዳ ላይ ቀርቶ እናቶቹን የሚያጠቃው ገዢ ያላገኘው ቀጫጫ ይሆናል። ማንም ሳያስበው የተመረጠው ደካማው ነው፤ ይህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም መንጋው እየቀጨጨ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ መፍትሔ ተደርጎ የታየው የውጭ ደም ማስገባት ነበር፤ ከእስራኤል የመጣው አዋሲ፣ ኋላም ዶርፐር ከአገሬው በግ ጋር እንዲዳቀሉ ተደርጓል። ድቅሎቹ በአካል ይበልጣሉ፣ ነገር ግን የበለጠ መኖና እንክብካቤ ይጠይቃሉ። ያንን ለማሟላት አቅሙ ያለው ገበሬ ደግሞ ጥቂት ነው።

በ2009 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ሥራ መነሻው ግን እዚያው መንጋ ውስጥ ያለው በግ ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በደረቅ አካባቢዎች ግብርና ላይ ከሚሠራው ኢካርዳ፣ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና ቪየና ከሚገኘው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ፣ በመንዝ በሞላሌና በመሐል ሜዳ አካባቢ ገበሬዎች ራሳቸው የሚመሩትን የአውራ በግ ምርጫ አስጀመረ። የቦንጋ፣ የሆሮና የአፋር በጎችም በዚያው መርሐ ግብር ነበሩበት። የሥራው መሠረት መዝገብ ነው። ግልገል ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ ከዚያው ከመንደሩ የተቀጠረ መዝጋቢ የተወለደበትን ቀን፣ እናቱን፣ ጾታውንና መንታ መሆን አለመሆኑን ይጽፋል። ክብደቱ ሲወለድ፣ ጡት ሲጥል፣ በ6 ወሩና ዓመት ሲሞላው ይመዘናል። ከእነዚህ ቁጥሮች የእያንዳንዱ ወጠጤ የዘር ብልጫ ይሰላል።

በምርጫው ቀን የመንደሩ ወጠጤዎች ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ስሌቱ ከፊት ያስቀመጣቸው ተለይተው ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ገበሬዎች ከመካከላቸው የመረጡት ኮሚቴ ነው። አንዱ ሽማግሌ መዳፉን በወጠጤው ጀርባ ላይ አሳርፎ ከትከሻ እስከ ወገብ ይዳስሳል፤ አጥንቱ ከጎረበጠው ያልፈዋል። ላቱን ይይዛል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱ መግጠሙን ያያል፣ ሁለቱም ቆለጦቹ መውረዳቸውንና እኩል መሆናቸውን ይፈትሻል፣ ከዚያም ለቆት አረማመዱን ይመለከታል። ቀለምና ቀንድም ይቆጠራሉ፤ ለበዓል ገበያ ቀዩና ነጩ ይመረጣል፣ ለባና ደግሞ ጥቁር ጠጉር ይፈለጋል። 15 ቀርበው 10 ቢፈለጉ፣ 5ቱን የሚጥለውና ያለፉትን በደረጃ የሚያስቀምጠው ይህ ኮሚቴ ነው። ሁሉም በሕዝብ ፊት ስለሚሆን የማን በግ ለምን እንደወደቀ መንደሩ በሙሉ ይሰማል።

ከብትን በአደባባይ አቁሞ ማስመዘን በሌላው ዓለም የወጣቶች ትምህርት ከሆነ ቆይቷል። በአሜሪካ ፎር ኤች የሚባለው የገጠር ልጆች ማኅበር መነሻ በ1902 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ የተቋቋመ ክበብ ነው። በእንግሊዝ ደግሞ በ1921 እ.ኤ.አ. በዴቨን ሄምዮክ በምትባል መንደር አንድ የወተት ኩባንያ ለልጆች ጥጃ አድሎ እንዲያሳድጉ አደረገ፤ የአገሪቱ የወጣት ገበሬዎች ክበቦች መጀመሪያ ይህ ነው። በአሜሪካ የካውንቲ ባዛር ላይ ልጁ ለወራት ገመድ ያለማመደውን ወይፈን አጥቦና አበጥሮ ይዞ ይገባል፣ አራት እግሩን አስተካክሎ ያቆመዋል፣ የሚበላውንና ያወጣውን ወጪ የጻፈበትን ደብተር ያቀርባል። ዳኛው ምክንያቱን ጮክ ብሎ ይናገራል። አንዳንዱ ውድድር የሚዳኘው ከብቱን ሳይሆን የልጁን አያያዝ ነው።

ለሰሜን ሸዋ ልጅ ይህ ሙያ እንግዳ አይደለም። ወይፈን ማቅናት፣ ማለትም ያልለመደውን ከለመደው በሬ ጋር ጠምዶ ቀንበር ማስለመድ፣ ትዕግሥትም ዘዴም የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ጎረምሳው ከአባቱ ጎን ሆኖ ይማረዋል። የቀረው ልጁን የሚያከብር አደባባይ ነው። በምርጫው ቀን ወጠጤውን በገመድ ይዞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ እረኛው ሆኖ ሳለ፣ በግ የሚመዘገበው በቤቱ ባለቤት ስም ነው። ያሳደገው ልጅ ስም ከበጉ ቁጥር አጠገብ ቢጻፍ፣ ኮሚቴውም ከመፍረዱ በፊት ስለ እናቲቱ ወተትና ስለ ግልገሉ ጠባይ ቢጠይቀው፣ ምርጫው ራሱ ይጠቀማል፤ ሚዛን የማይናገረውን እሱ ያውቃልና። የመዝጋቢነቱም ሥራ ማንበብና መጻፍ ለሚችሉ የመንደሩ ወጣቶች የተገባ ነው።

ከምርጫው የወደቁት ወጠጤዎች ተቀጥቅጠው ሙክት ይሆናሉ። ይህ ለወጣቶች ሌላ በር ይከፍታል፦ በቡድን ተደራጅተው ይገዟቸዋል፣ ለሦስት ወር ያህል ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ አብልተው ለበዓል ያደርሷቸዋል። የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች ባሉባት በደብረ ብርሃን የቢራ ተረፈ ገብስም ይገኛል፤ ለበሬ አድላቢዎችና ዲቃላ ላም ለያዙ ቤቶችም ጥሩ መኖ ነው።

የተመረጠው አውራ ግን ወዲያው ገበያ አይወጣም። ቡድኑ በጋራ ገንዘቡ ከባለቤቱ ይገዛዋል፣ ወይም በስምምነት በጋራ ይገለገልበታል። በጎቻቸውን አንድ ላይ የሚያሰማሩ ቤቶች ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይይዙታል፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃ ከዚያ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። አገልግሎቱ ሲያበቃ ተቀጥቅጦና ደልቦ ገበያ ይወጣል፤ የተሸጠበት ገንዘብም የሚቀጥለው አውራ መግዣ ይሆናል።