ከአሸዋ ላይ የበቀለ ሣር፦ በዱባይ ዙሪያ የትኛውን የጎልፍ ሜዳ እንምረጥ?

ጎልፍ የሚለው ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን «የሀብታም ጨዋታ» ብለን እናልፈዋለን። እግር ኳስ በየሰፈሩ ይጫወቱታል፤ ሩጫም አገራችንን ያስጠራ ነው። ጎልፍ ግን ሰፊ መሬት፣ ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ፣ ለእኛ ሩቅ የሆነ ነገር ይመስለናል። ይሁን እንጂ ዛሬ በርካታ ወገኖቻችን በባሕረ ሰላጤው አገሮች ይኖራሉ። ልጆቻቸውም እዚያው ተወልደው እዚያው ይማራሉ። እኛ በጎረቤት ሜዳ ጨርቅ ኳስ ስናንከባልል እንዳደግን ሁሉ፣ ከእነርሱም መካከል በትምህርት ቤታቸው አማካይነት የጎልፍ ዱላ የጨበጡ አሉ። ስለዚህ «የትኛው ሜዳ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝ በጥር የትምህርት እረፍት እህቴንና ቤተሰቧን ለመጠየቅ ወደ ዱባይ ያደረግሁት ጉዞ ነው። የእህቴ ባል ሾፌር ነው፤ በሳምንት የሚያርፈው አንድ ቀን ብቻ ነው። የ13 ዓመቱ ልጃቸው በትምህርት ቤቱ ጎልፍ ይማራል። አባቱም እናቱም ግን ሲጫወት አይተውት አያውቁም። ልጁ የሚመኘው በቴሌቪዥን ያየውን ትልቁን ሜዳ ነው፤ አባት ደግሞ በልቡ የሚያሰላው የቤት ኪራይን ነው። በመካከላቸው ተቀምጬ ከሁለቱ ጋር ሜዳዎቹን አንድ በአንድ ስንመለከት ያገኘሁትን ለእናንተም ይጠቅማል በማለት አቅርቤዋለሁ።

ሣር ከመምጣቱ በፊት

ዱባይ ውስጥ ጎልፍ የተጀመረው በአሸዋ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ተጫዋቾች በበረሃው ላይ በተከለለ መስመር ይጫወቱ ነበር። ከፕላስቲክ የተሠራች ትንሽ የሣር ምንጣፍ በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ኳሷ ባረፈችበት ቦታ ምንጣፏን ያነጥፉና ኳሷን በላይዋ አድርገው ይመታሉ። ጉድጓዱ ያለበት ቦታም አረንጓዴ ሳይሆን ቡናማ ነበር። አሸዋው በዘይት ተለውሶ ስለሚደለደል ኳሷ በላዩ ላይ ትንከባለላለች።

ሁኔታው የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1988 ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ሲከፈት ነው። ይህ ክለብ በመካከለኛው ምሥራቅ ሙሉ በሙሉ ሣር የለበሰ የመጀመሪያው የውድድር ሜዳ ነው። ንድፉን ያወጣው አሜሪካዊው ካርል ሊተን ነው። የክለቡ ሕንፃ የበደዊን ድንኳኖች እንዲመስል ሆኖ ተሠርቷል። ዋናው ሜዳ «መጅሊስ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በሜዳው ውስጥ ከሚገኘው የመጅሊስ ቤት ነው። መጅሊስ ማለት ሰው ተቀምጦ የሚወያይበት፣ እንግዳ የሚቀበሉበት ቦታ መሆኑን አንባብያን ታውቃላችሁ።

የዱባይ ዴዘርት ክላሲክ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው በዚሁ ሜዳ ነው። በ1999 እና በ2000 ወደ ክሪክ ሜዳ ከመዛወሩ በስተቀር መኖሪያው መጅሊስ ሆኖ ቆይቷል። ታይገር ዉድስ በ2006 እና በ2008፣ ሮሪ ማክልሮይ በ2009፣ በ2015፣ በ2023 እና በ2024 ያሸነፉት እዚህ ነው። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ልቡ የተሰቀለው በዚህ ሜዳ ላይ ነበር።

ሜዳዎቹን በየዓይነታቸው

በዱባይና በዙሪያዋ ያሉትን ሜዳዎች በአራት ከፍለን ብናያቸው ለመምረጥ ይቀላል።

የመጀመሪያዎቹ ትላልቆቹ የውድድር ሜዳዎች ናቸው። መጅሊስ አንዱ ነው። ሌላው በጁመይራ ጎልፍ ኢስቴትስ የሚገኘው፣ በአውስትራሊያዊው ግሬግ ኖርማን ንድፍ የተሠራው «ኧርዝ» የተባለው ሜዳ ነው። ከ2009 ጀምሮ የአውሮፓ ጎልፍ ዓመታዊ መዝጊያ ውድድር የሚካሄድበት ቦታ ነው። እነዚህ ሜዳዎች እጅግ ያማሩ ናቸው፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። በመጅሊስ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ለአንድ ሰው ለአንድ ዙር ከ1000 ድርሃም በላይ ይከፈላል። ከዚህም ሌላ ሜዳዎቹ ረጃጅም በመሆናቸው ጀማሪ ይደክምባቸዋል እንጂ አይማርባቸውም።

ሁለተኛው ዓይነት በከተማው መሐል የሚገኘው ዱባይ ክሪክ ነው። በ1993 ተከፈተ። በውሃው ዳር ያለው ሕንፃው የጀልባ ሸራ የሚመስል ነጭ ጣሪያ አለው። የ20 ድርሃም የወረቀት ገንዘብ በእጁ የያዘ ሰው ምስሉን እዚያው ያገኘዋል። የእህቴ ባል ይህን ሲሰማ ከኪሱ ኖት አውጥቶ አገላብጦ አየና «ለካ በየቀኑ በኪሴ ይዤው ነው የምዞረው!» ብሎ አሳቀን።

ሦስተኛዎቹ ከከተማው ወጣ ብለው በበረሃው ውስጥ የተሠሩት ናቸው። በ2004 የተከፈተው የአረቢያን ራንችስ ሜዳና በ2008 የተከፈተው፣ የደቡብ አፍሪካዊውን የኤርኒ ኤልስን ስም የያዘው ኤልስ ክለብ ይጠቀሳሉ። በእነዚህ ሜዳዎች ሣር የሚለብሰው ተጫዋቹ የሚሄድበት መስመር ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው አሸዋና የበረሃ ቁጥቋጦ እንዳለ ተትቷል። ከመስመር የወጣች ኳስ በአሸዋ ውስጥ ትቀራለች።

አራተኛዎቹ በጎረቤት ኢሚሬቶች የሚገኙት ናቸው። በአቡ ዳቢ በ2010 የተከፈተው ያስ ሊንክስ በባሕር ዳር የተዘረጋ፣ የስኮትላንድን የባሕር ዳር ሜዳዎች አርአያ የተከተለ ነው። ለዚህ ግን ከዱባይ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና መጓዝ ያስፈልጋል። በሻርጃ ደግሞ የጎልፍና የተኩስ ክለቡ 9 ጉድጓድ ያለው፣ በማታ መብራት የሚበራለት ሜዳ አለው። ሻርጃ የአልኮል መጠጥ ሽያጭ የተከለከለበት ኢሚሬት በመሆኑ ቤተሰቡን ይዞ ለሚሄድ ሰው አንድ ሐሳብ ይቀንስለታል። ችግሩ ከዱባይ ወደ ሻርጃ ያለው የመኪና መጨናነቅ ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት መንገድ የገባ ሰው ጨዋታውን በመኪና ውስጥ ይጨርሳል።

ሲመርጡ ምን ይታያል?

አንደኛ፣ የሜዳው ክብደት ነው። ሜዳዎች «ስሎፕ» የሚባል ቁጥር ይሰጣቸዋል። ይህ ቁጥር ከ55 እስከ 155 ሲሆን፣ መደበኛው 113 ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሜዳው ከባለሙያው ይልቅ ተራውን ተጫዋች የበለጠ ይፈትነዋል። አንዱ ሜዳም ቢሆን እንደ መነሻው ይለያያል። የመምቻው መነሻ በተለያየ ቀለም ስለሚለይ ልጅና ጀማሪ ወደፊት ከቀረበው ቀለም መነሳት ይገባቸዋል፤ በዚህም ማፈር አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱ ነው። 18 ጉድጓድ ለመጨረስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል። በጥር መጨረሻ አካባቢ በዱባይ ዙህር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ግድም ይገባል፤ ዐስር ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ መግሪብ ደግሞ 12 ሰዓት አካባቢ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የጀመረ ሰው ከዙህር በፊት ይጨርሳል። ከቀኑ 7 ሰዓት የጀመረ ግን ዐስር በሜዳው መካከል ይደርስበታል። ስለዚህ ሰዓቱን ሲያስይዙ ይህን አስቀድሞ ማስላት ነው። 9 ጉድጓድ ብቻ ለመጫወት ከሆነ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል።

ሦስተኛ፣ ወቅቱ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ሜዳዎቹ ዋጋ ይቀንሳሉ። ርካሽ ነው ብሎ ልጅን በዚያ ፀሐይ ማቆም ግን አደገኛ ነው። በጥቅምት አካባቢ ደግሞ ሙቀት የሚወደው ሣር ወደ እንቅልፉ ስለሚገባ በብዙ ሜዳዎች ላይ የቀዝቃዛ ወቅት ሣር ዘር ይዘራል። በዚህ ምክንያት ሜዳው ለጊዜው ሊዘጋ ይችላልና አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

አራተኛ፣ ልብስና ልማድ ነው። ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይፈለጋል፤ ጂንስ አይፈቀድም። ረጅም ሱሪና ረጅም እጅጌ ግን ችግር የለውም። ስለዚህ ለእህቶቻችን አለባበስ ጨዋታው አያስቸግርም። ጓደኛሞች በየጉድጓዱ ገንዘብ እያስያዙ የሚወራረዱበት ልማድም በዓለም ላይ የተለመደ በመሆኑ ልጆችን ቀድሞ መምከር ያሻል። ጨዋታው ያለ ውርርድ ምንም አይጎድልበትም፤ ሰው የሚወዳደረው በዋነኛነት ከራሱ ካለፈው ቁጥር ጋር ነው።

የውሃው ነገር

አንድ ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። የመጀመሪያው ኤምሬትስ ክለብ ሣር ሲበቅል የተጠጣው ውሃ ከባሕር ተቀድቶ ጨዉ በፋብሪካ የወጣለት ውሃ ነበር። እናቴ ከምንጭ በእንስራ ውሃ ስትቀዳ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ስሰማ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሜዳዎች ከከተማው ፍሳሽ ተጣርቶ የሚመለሰውን ውሃ ወደ መጠቀም ዞረዋል። ጨዋማ ውሃ የሚችል ፓስፓለም የተባለ የሣር ዓይነትም በባሕር ዳር ሜዳዎች ይተከላል። ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ የተጣራው ውሃም ቢሆን ለዛፍና ለመናፈሻ ሊውል የሚችል መሆኑን መዘንጋት የለብንም። እኔ በበኩሌ ሁለት ሜዳ እኩል ሆነው ቢቀርቡልኝ ሣሩ ያነሰውን፣ በረሃውን በረሃ አድርጎ የተወውን እመርጣለሁ። ለልጆችም ይህን ጥያቄ ማንሳት ጨዋታውን መከልከል አይደለም፤ የሚረግጡት ሣር ዋጋ እንዳለው ማስታወስ ነው።

ቤተሰቡ ምን መረጠ?

ኤምሬትስ ክለብም ሆነ ክሪክ ከትላልቆቹ ሜዳዎች ሌላ ባለ 9 ጉድጓድ አጫጭር ሜዳዎች አሏቸው። በእነዚህ ሜዳዎች እያንዳንዱ ጉድጓድ ቅርብ በመሆኑ በደህና ምት በአንድ ጊዜ ወደ ባንዲራው መድረስ ይቻላል። ሙሉ የዱላ ስብስብ አያስፈልግም፤ በማታም መብራት ይበራል። ዋጋቸው ከትልቁ ሜዳ ጋር አይወዳደርም። ቤተሰቡ በመጨረሻ የመረጠው የክሪኩን አጭር ሜዳ ነበር። የአባት የዕረፍት ቀን ላይ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ሄድን።

ልጁ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቅር ብሎት ነበር። ከሁለት ጉድጓድ በኋላ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ይህ ልጅ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ይቀናዋል፤ በአማርኛ ግን ወላጆቹ ሲያናግሩት በሌላ ቋንቋ መመለስ ለምዷል። ያን ማታ አባቱ ዱላውን ተቀብሎ እንደ መጥረቢያ ሲጨብጠው ልጁ ሮጦ መጣና «አባባ፣ እንደሱ አይደለም! እጅህን... እንዲህ ቀስ አድርገህ ያዘው። ጉድጓዱን አትይ፣ ኳሷን እይ» አለው። የሚያስተምረው አባቱን ስለሆነ በአማርኛ ማስተማር ግድ ሆነበት። ቃል ሲጠፋው እናቱን ይጠይቃል፤ እርሷ ትነግረዋለች። አባት ሦስት ጊዜ ስቶ በአራተኛው ኳሷ ከፍ ብላ ከባንዲራው አጠገብ አረፈች። በመንገድ ላይ ሁሌም የሚቸኩለው ያ ሰው እዚያ ቆሞ ኳሷን ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ከ1000 ድርሃም የሚበልጥ ነበር።

እህቴም በጆሮዬ «ልጄ ይህን ሁሉ አማርኛ የት ደብቆት ነበር?» አለችኝ።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ከዚህ የምንማረው ቀላል ነው። ሜዳ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን አሸነፈበት?» የሚለው ሳይሆን «ከማን ጋር እንጫወትበታለን?» የሚለው ነው። ብቻውን የሚለማመድና ሃንዲካፕ የሚባለውን የችሎታ ቁጥር ለመያዝ የሚፈልግ ወጣት ከፍ ወዳለው ሜዳ በጊዜው ይደርሳል። ይህ ቁጥር በዓለም አቀፉ ደንብ መሠረት ከ2020 ጀምሮ እስከ 54 ድረስ ስለሚሰጥ ጀማሪም ሊይዘው ይችላል። ገና የጀመረ ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ከአጭሩ ይጀምር። ትልቁን ሜዳ ማየት ለሚናፍቅ ልጅም፣ ውድድር በሚካሄድበት ሳምንት በተመልካችነት ሄዶ ታላላቆቹን ተጫዋቾች በቅርብ ማየት ሌላው መንገድ ነው።

ሜዳውን ከማስያዛችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ የዱላ ኪራይ በዋጋው ውስጥ ይገባል ወይ? በኤሌክትሪክ መኪና መሄድ ግዴታ ነው ወይስ በእግር ይቻላል? ለልጅ ቅናሽ አለ ወይ? መስገጃ ቦታው የት ነው? ለእነዚህ በፈገግታ የሚመልስ ክለብ ለእንግዳውም የሚመች ነው።

አላህ በየአገሩ ያሉትን ቤተሰቦቻችንን ይጠብቅልን። ወሰላሙ አለይኩም።