ከመነን ትምህርት ቤት ወደ ምክር ቤት

ሳምራ ብሩክ፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆነችው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ለኒውዮርክ ግዛት ሴኔት ስትመረጥ ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ደስታው ይገባል። እኔን የሚቆጨኝ ግን ከስድሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት እዚሁ አገራችን በሕዝብ ድምፅ ምክር ቤት የገቡትን ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የእኛ የደቡብ ጎንደሮቹ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ልጆች ሳያውቁ ማደጋቸው ነው።

ስንዱ የጎንደር ከንቲባ የነበሩት የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ ጣሊያን ሲወርረን ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ ተማርከውም ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ርእሰ መምህር ሆኑ። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥ መብት ሰጠ፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ1957 ከአዲስ አበባ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ፣ ቀጥሎም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ያ ምክር ቤት ፓርቲ የሌለበት፣ ለመወዳደር ንብረት የሚጠየቅበት፣ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ የሆነበት ነበር። ይህን አልዘነጋም፤ ሴትዮዋን የማደንቃቸው ይህን እያወቅሁ ነው።

ከሁሉም በላይ ቀልቤን የሚይዘው የመነኑ ዘመናቸው ነው። መነን አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ልጃገረዶቹ የሚያድሩበት፣ የሚበሉበት፣ ደኅንነታቸው የሚጠበቅበት ቤት። ስንዱ ምክር ቤት የገቡት አንዲት ልጅ ለመማር ምን እንደሚያስፈልጋት በሥራ አይተው ነው።

የእኛዎቹ ልጆች ግን ዛሬም እንዲህ ያለ ማደሪያ የላቸውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ ከተማ ዳር ቁሙ። ከገጠር ቀበሌ መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ሴት ልጆች ባዶ ፌስታል ይዘው ስንቅ ሊያመጡ ወደ ቤተሰባቸው ሲወርዱ ታያላችሁ። እሑድ እንጀራውን፣ በሶውን፣ ሽሮውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻግቷል። ሌሊት የተከራዩት ቤት በር ሲንኳኳ የሚሰማቸውን ፍርሃት ለማንም አይናገሩም። ዝናብ የቀረ ዓመት ደግሞ ብዙ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው ሴቷ ናት። ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ድጋፍ በገባባቸው ወረዳዎቻችን ይህን የማያውቅ የለም። አሁን በላዩ ጦርነት ተጨምሮበት በአማራ ክልላችን ስንት ትምህርት ቤት ተዘጋ!

የክልሉን በጀት የሚያጸድቀው ባሕር ዳር ያለው ምክር ቤት ነው። እዚያ ሊገባ ድምፃችንን የሚጠይቅ ሰው ስለ ሴት ተማሪዎች ማደሪያ በግልጽ ይጠየቅ፤ በየትኛው ከተማ፣ በየትኛው ዓመት በጀት እንደሚሠራ ይናገር። ደግሞም ጠያቂ ብቻ ሆነን አንቅር። አርብ ገበያም ሆነ መካነ ኢየሱስ፣ እነዚህን ልጆች ከደመወዟ ዳቦ እየገዛች፣ ሲታመሙ ጤና ጣቢያ እየወሰደች በትምህርት ያቆየቻቸው መምህርት አትጠፋም። ሄደን ለእጩነት እንለምናት።